የሴናር ግድብ፦ አባይ የጥጥ ገበሬ የሆነበት ሜዳ

የሱዳኗ ሴናር ለእኛ አገር የታሪክ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። የፉንጅ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ አፄ ዳግማዊ ኢያሱም ዘምተውባት ጦራቸው ክፉኛ ተመትቶ ተመልሷል። ዛሬ ግን ከተማዋ የምትታወቀው አባይን ከዳር እስከ ዳር በሚዘጋው፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የድንጋይ ግድብ ነው። ግድቡ በጀርባው ባቡር ያሳልፋል።

ግንቡን ብቻ ያየ ሰው ግን ዋናውን ነገር አላየም። ዋናው ነገር ከግድቡ በስተሰሜን በአባይና በነጭ አባይ መካከል የተዘረጋው የገዚራ ሜዳ ነው። ሜዳውን የሠራው አባይ ራሱ ነው፤ ከእኛ ደጋ እየጠረገ ያወረደውን አፈር በሺህ ዓመታት እያነጠፈ ዋልካ አድርጎታል። መሬቱ ከአባይ ዳር ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን፣ ለዓይን በማይታወቅ ልክ፣ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ውሃው ሴናር ላይ ከፍ ካለ በኋላ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ማሳ ድረስ ይወርዳል። ዋልካው ደግሞ ሲርስ ስለሚጠብቅ ቦዩን በሲሚንቶ መለሰን አላስፈለገም። ለመስኖ መሐንዲስ ከዚህ የተመቸ መሬት ማግኘት ዘበት ነው። የጎደለው ዝናብ ብቻ ነበር፤ የአገሬው ሰው በዚያችው ጥቂት ዝናብ ማሽላ ይዘራ፣ ከብት ያረባ ነበር።

በዚህ ሜዳ ጥጥ እንዲለማ የፈለጉት በእንግሊዝ የላንካሻየር የጨርቅ ፋብሪካዎች ናቸው። ሊ ሀንት የተባለ አሜሪካዊ ከካርቱም በስተሰሜን ዘይዳብ ላይ በፓምፕ ሞከረ። በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙከራው ገዚራ ውስጥ ጠይባ ላይ ቀጠለ፤ ጥጡም ያዘ። የግድቡ ሥራ ግን ገና ከመጀመሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አስቆመው። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ናረ፣ የመጀመሪያው ሥራ ተቋራጭም ሥራውን መወጣት አቃተው። በ1922 ፒርሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተረከበ፤ ድንጋዩን ከሰገዲ ኮረብታ በባቡር እያመላለሰ፣ ሲሚንቶውን እዚያው እያመረተ በ1925 ጨረሰው። በጥር 1926 በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሎርድ ሎይድ መርቀው ከፈቱት።

የግድቡ ሥራ በወቅት የተገራ ነው። ክረምት ላይ አባይ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ በሮቹ ተከፍተው ሙላቱ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ለቦዩ የሚበቃው ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ሙላቱ ካለፈና ውሃው ከጠራ በኋላ በሮቹ ተዘግተው ሐይቁ ይሞላል። ጥጡ ነሐሴ አካባቢ ተዘርቶ እስከ በጋው ማብቂያ ይጠጣል። ቀድሞ ከጥር አጋማሽ ወዲያ የወንዙ ፍሰት ለግብፅ የተተወ ስለነበር ማሳው የሚያየው የተጠራቀመውን ውሃ ነበር።

ውሃው ማሳ የሚደርስበት መንገድ ሊታይ የሚገባው ነው። ከዋናው ቦይ ወደ ትልልቅ ቅርንጫፎች፣ ከእነሱ ወደ ትንንሾቹ፣ ከትንንሾቹም ገበሬው አቡ ዒሽሪን ወደሚለው ጠባብ ቦይ ይገባል፤ አንዱ አቡ ዒሽሪን፣ ፌዳን በሚባለው የመሬት ስፋት መለኪያ፣ 90 ፌዳን ያጠጣል። ከዚያ ወደ አቡ ሲታ፣ ከዚያ ወደ ትልሙ። ዋናው ቦይ ቀንም ሌትም ይፈስሳል፤ ገበሬው ግን ሌሊት ይተኛል። ስለዚህ ትንንሾቹን ቦዮች ሰፋ አድርገው፣ በየርቀቱ እርከን አበጅተውላቸው፣ የሌሊቱን ውሃ እንዲያጠራቅሙ አደረጓቸው። ገበሬው ጧት አካፋውን ይዞ ሲደርስ ውሃው ከአፉ ደርሶ ይጠብቀዋል። ከመላው ሥራ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማሽኑ የተሠራው በሰው እንቅልፍ ልክ ነው።

መሬቱን በተመለከተ ብልሃቱ ቀዝቃዛ ነው። በእንግሊዞች የሚመራው የሱዳን መንግሥት መሬቱን ከባለቤቶቹ በግድ ተከራይቶ፣ ለፌዳን በዓመት 10 ቂርሽ እየከፈለ፣ መልሶ ለጢሰኛ አከፋፈለው። ከጥጡ ገቢ 40 በመቶው የጢሰኛው፣ የቀረው የመንግሥትና እርሻውን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ፣ የሱዳን ፕላንቴሽንስ ሲንዲኬት፣ ነበር። ማሽላው ግን የገበሬው ነበር። እርሻው በጥሩ ዘመን አበላ፤ በ1930ዎቹ መባቻ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅና በሽታ ሲገባ ዕዳ አመጣ። ቦዮቹም ወባና ቢልሃርዚያ አስከትለዋል። ሲንዲኬቱ በ1950 ተሰናበተ።

ግድቡ የውሃ ፖለቲካ መሆኑም አልቀረም። በ1924 የሱዳን ገዢ ሊ ስታክ ካይሮ ላይ ሲገደሉ እንግሊዝ ለግብፅ በሰጠችው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የገዚራ መስኖ ያለ ገደብ ይሰፋል አለች፤ የግብፅ ድንጋጤ በ1929 ስምምነት በመጠኑ በረደ። ውሃው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። ከእሷ የተፈለገው አስቀድሞ ተይዞ ነበር፤ በ1902 በተፈረመው ውል አፄ ምኒልክ፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በአባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ተስማምተው ነበር። እንግሊዞች ጣና ላይ ግድብ የመሥራት ፈቃድ ለዓመታት ሲለማመጡ፣ በ1927 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ አሜሪካ ተሻግረው ስለዚሁ ግድብ ከጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ጋር ሲነጋገሩ ለንደን ደነገጠች። የጣናው ግድብ በዚያ ዘመን አልተሠራም።

ገዚራ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ መናቂል ተስፋፍቶ 2 ሚሊዮን ፌዳን ገደማ ደረሰ። ይህን ሁሉ ሴናር ብቻውን ማጠጣት ስለማይችል በ1966 ሮዜሬስ ላይ ሌላ ግድብ ተጨመረ። ሴናር በዚያን ጊዜም በደለል እየተሞላ ነበር፤ ዛሬ ከመጀመሪያው የመያዝ አቅሙ ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ቦዮቹም በየዓመቱ ካልተጠረጉ ይደፈናሉ፤ በታኅሣሥ 2023 የሱዳን ጦርነት የገዚራዋን ከተማ ወድ መደኒንና አካባቢዋን ሲይዝ ደግሞ ጠራጊም ጠፋ።

አሁን ከላይ ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ስላለ ወደ ሴናር የሚወርደው ደለል ይቀንሳል። ለሐይቁ መልካም ነው። ለቦዩ ጠራጊ ግን ሌላ ሥራ ሊሆንበት ይችላል፤ ውሃው ሲጠራ ፀሐይ እስከ ታች ስለምትዘልቅ፣ ድሮ በጭቃው ታፍኖ የኖረው የውሃ አረም ይበረታል።