የሞስታር ድልድይ፦ ድንጋይ፣ ብረትና እርሳስ

በሄርዞጎቪና የምትገኘው የሞስታር ከተማ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1566 ሲጠናቀቅ የኔሬትቫን ወንዝ 29 ሜትር ገደማ በሚሰፋ አንድ ቅስት ተሻገረ። ድንጋይ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም፤ ቅስቱም ክብደቱን ወደ ዳርና ዳር መሠረቶች ስለሚያስተላልፍ ድንጋዮቹ ይበልጥ ይጠባበቃሉ። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ከዓይን የተሰወረው ሥራ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዮቹን በብረት ካያያዙ በኋላ በክፍተቱ የቀለጠ እርሳስ አፈሰሱ፤ ይህም ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ከዝገትም ይጠብቀዋል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1993 በጦርነቱ የክሮአት ኃይሎች ተኩስ ድልድዩን አፈረሰው። በ2004 የተመረቀው ቅስት በአብዛኛው አዲስ ከተፈለጠ፣ ግን ቴኔሊያ ከሚባለው ከዚያው የድንጋይ ዓይነት ተሠራ። ታዲያ ድልድዩ ያው ነውን? የብረቱና የእርሳሱ ጥበብ ጭምር ስለ ተመለሰ፣ እኛ ያው ነው እንላለን።