ሮቦት ዓሣ

ሮቦት ዓሣ የዓሣን ቅርጽና የመዋኘት ዘዴ ተከትሎ የተሠራ፣ በውኃ ውስጥ እየዋኘ መረጃ የሚሰበስብ ማሽን ነው። እንደ አብዛኞቹ የውኃ ውስጥ ማሽኖች በፕሮፔለር ሳይሆን ጅራቱን ወይም ክንፎቹን በማወዛወዝ ይንቀሳቀሳል። የባሕር እንስሳትን ለማጥናትና የውኃ ብክለትን ለመከታተል ታስቦ የሚሠራ ሲሆን፣ እስካሁን የተሠሩት አብዛኞቹ በሙከራ ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው።

ያስፈለገበት ምክንያት

ውቅያኖሶች 71 ከመቶ ያህሉን የምድር ገጽ ይሸፍናሉ። ሳተላይት በዋናነት የሚያየው የውኃውን የላይኛውን ክፍል ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለውን ለማወቅ ወደ ውስጥ መግባት ግድ ነው። ጠላቂ ዋናተኛ በውኃ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮፔለር ያላቸው ማሽኖች ከሰው የበለጠ ሊቆዩ ቢችሉም፣ ድምፃቸውና የሚያስነሱት የውኃ ንቅናቄ እንስሳትን ሊያሸሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ካሜራው የሚቀርጸው እንስሳቱ ዘወትር የሚያደርጉትን ሳይሆን ከማሽኑ ሲሸሹ የሚያደርጉትን ይሆናል። ሮቦት ዓሣ ይህን ችግር ለመቀነስ ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ ነው።

አሠራር

ዓሣ ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውኃውም በአጸፋው ዓሣውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሮቦት ዓሣም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በአካላቸው ሁኔታ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፦

• ጠንካራ አካል ያላቸው፦ በመገጣጠሚያ የተያያዙ ክፍሎች ያሏቸው ሲሆኑ፣ ክፍሎቹን ሞተር ያንቀሳቅሳቸዋል።
• ለስላሳ አካል ያላቸው፦ ጅራታቸው ወይም ክንፋቸው ከሲሊኮንና ከመሳሰሉት ተጣጣፊ ነገሮች ይሠራል።

ሁለቱም ዓይነቶች ኮምፒውተር፣ ባትሪና እንደየሥራቸው ካሜራ ወይም ሴንሰር ይይዛሉ።

ታሪክና ታዋቂ ምሳሌዎች

ሮቦቱና፦ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም አይ ቲ) በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የቱና ዓሣን አስመስሎ ተሠራ። በነፃነት የሚዋኝ ሳይሆን በመሞከሪያ ገንዳ ውስጥ ከላይ ተይዞ የሚንቀሳቀስ ነበር። ዓላማው ዓሣ በአነስተኛ ጉልበት በፍጥነት የሚዋኝበትን ምክንያት መረዳት ነበር።

ሾል፦ በአውሮፓ ኮሚሽን ድጋፍ የተካሄደ ፕሮጀክት ነው። 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ዓሣዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በስፔን በሂሆን ወደብ ተሞከሩ። ተግባራቸው እንደ እርሳስና መዳብ ያሉ በካዮችን፣ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅንና የጨው መጠን መለካት ነበር። ናሙና ተቀድቶ በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ የበካዩ ምንጭ ሊጠፋ ስለሚችል፣ መለኪያውን ወደ ውኃው መውሰድ ጊዜን ይቆጥባል።

ሶፊ፦ በኤም አይ ቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ፣ 47 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ዓሣ ነው። ፓምፑ በጅራቱ ውስጥ ወዳሉት ሁለት ክፍሎች ውኃን እያፈራረቀ ሲያስገባ ጅራቱ ይወዛወዛል። በፊጂ የኮራል ሪፎች መካከል እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ወርዶ በአንድ ጊዜ እስከ 40 ደቂቃ ዋኝቷል። በአቅራቢያው ያለ ጠላቂ ከቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያ በተሠራ መሣሪያ በድምፅ ሞገድ ያዘዋል።

የማሪያና ሮቦት፦ የቻይና ተመራማሪዎች በጥልቅ ባሕር የሚኖረውን ስኔይልፊሽ የተባለ ዓሣ መነሻ አድርገው የሠሩት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን በአንድ ላይ ከማጨቅ ይልቅ አራርቀው በሲሊኮን ውስጥ በማኖር፣ ወፍራም የብረት መከላከያ ሳያስፈልገው ግፊቱን እንዲቋቋም አደረጉት። በማሪያና ሸለቆ በ10,900 ሜትር ጥልቀት፣ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በሚበልጥበት ቦታ፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር እንደተያያዘ ክንፎቹን አርገብግቧል። በደቡብ ቻይና ባሕር ደግሞ በ3,224 ሜትር ጥልቀት በነፃነት ዋኝቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ።

ብሉስዎርም፦ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የትናንሽ ሮቦቶች መንጋ ነው። ዓሣዎቹ ማዕከላዊ አዛዥ ሳይኖራቸው አንዱ የሌላውን ሰማያዊ መብራት በካሜራ እያየ በገንዳ ውስጥ አብረው ይዋኛሉ።

ውስንነቶች

የመጀመሪያው ችግር ግንኙነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውኃ ውስጥ ብዙም ስለማይርቅ ዋይፋይም ሆነ ጂፒኤስ ከውኃ በታች አያገለግሉም። የድምፅ ሞገድ ራቅ ብሎ ቢሄድም የሚሸከመው መረጃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓሣው ቪዲዮውን መዝግቦ ይዞ መመለስ ወይም ብዙ ውሳኔ በራሱ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ኃይል ነው። ትንሽ አካል የሚይዘው ትንሽ ባትሪ ነው፤ ኃይለኛ የውኃ ሞገድን ለመቋቋምም ይቸገራል። ግላይደር የሚባሉት የውኃ ውስጥ ማሽኖች ቀስ ብለው እየሰመጡና እየተንሳፈፉ ለወራት ሲጓዙ፣ ሶፊን የመሰለ ዓሣ ከአንድ ሰዓት በታች ይሠራል።

ሦስተኛው ራሱ ብክለት ነው። በባሕር ውስጥ የጠፋ ሮቦት ፕላስቲኩንና ባትሪውን እዚያው ይተዋል።

በእነዚህ ምክንያቶች ሮቦት ዓሣ ሰፊውን ውቅያኖስ ከሚያስሱት መርከቦች፣ ግላይደሮችና ተንሳፋፊ መለኪያዎች ጋር አይፎካከርም። ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ ኮራል ሪፍና ወደብ ባሉ ጠባብ ቦታዎች፣ አካባቢውን ሳይረብሹ ቀርቦ ማየት በሚያስፈልግበት ሥራ ነው።