የቀጤ ነክ መስመሮች እኩልነት በአማርኛ ሲብራራ፦ ስለ ስያሜና ስለ ሐረግ አሰካክ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በሁለተኛ ደረጃ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የቀጤ ነክ መስመሮችን እኩልነት መፈለግ የሚገኘው ከዚህ መሻገሪያ ማዶ ነው። መምህሩ ቀመሩን በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ሲያብራራ፣ የተማሪው መረዳት በማብራሪያው ቃላት ላይ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እየሠራ፣ አማርኛው የት እንደሚያግዝና የት እንደሚያሳስት ያመለክታል።

በመጀመሪያ ስያሜውን እንመልከት። «ቀጤ ነክ» የሚለው ስም «ቀጥ አለ» የሚለውን ግስ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ሰሚው ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ወይም ምሰሶ በዓይነ ሕሊናው ይስላል። ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው አቻ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው የግንበኛ ቱምቢ ነው፤ የዐረብኛው «ዐሙዲይ» ደግሞ ከእኛ «ዐምድ» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ነገር ግን ቀጤ ነክነት የሁለት መስመሮች ዝምድና እንጂ የአንዱ አቋም አይደለም። ሁለቱም ያዘነበሉ ሆነው በ90 ዲግሪ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ቃል «ተዳፋት» ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ አንዱ መንገድ ለሚወጣው ዳገት፣ ለሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሒሳብ ግን ተጓዡን ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬደዋል፤ በዚህ አቅጣጫ ዳገት የሆነው ተዳፋት ፖዘቲቭ፣ ቁልቁለት የሆነው ኔጌቲቭ ነው። «ተዳፋት» ራሱ ለአቅጣጫ የማያዳላ በመሆኑ ለጽንሰ ሐሳቡ የተመቸ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንለፍ። ዋይ = 2ኤክስ + 3 የሚል መስመር ተሰጥቷል። የሚፈለገው ለዚህ መስመር ቀጤ ነክ ሆኖ በነጥብ (4፣ 6) የሚያልፍ መስመር ነው። የተሰጠው መስመር ተዳፋት 2 ሲሆን የዋይን ዘንግ በ3 ላይ ይቆርጣል። እዚህ ላይ የንባቡ ጉዳይ ይነሣል። «ሁለት ጊዜ ኤክስ ሲደመር ሦስት» ብሎ ያነበበ መምህር፣ ሁለቱ ኤክስን ብቻ ይሁን ድምሩን በሙሉ እንደሚያባዛ አልለየም። «የኤክስ እጥፍ ላይ ሦስት ሲደመር» ቢል ግን አሻሚነቱ ይጠፋል፤ አገናዛቢው «የ» እና «ላይ» የቅንፍን ሥራ ይሠራሉና።

ቀጣዩ እርምጃ የአዲሱን መስመር ተዳፋት መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ተቃራኒውን ውሰድ» ወይም «ገልብጠው» የሚል ትእዛዝ ነው። «ተቃራኒ» ያለው ተማሪ -2ን ይጽፋል፤ «ገልብጥ» የተባለው 1/2ን ይጽፋል። ሁለቱም መምህራቸውን በትክክል ሰምተዋል፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። በዕለታዊ ንግግር «ተቃራኒ» እና «ተገላቢጦሽ» እየተወራረሱ ስለሚያገለግሉ ስሕተቱ አያስደንቅም። እዚህ የሚፈለጉት ሁለት ክንውኖች ናቸው፦ ቁጥሩን መገልበጥና ምልክቱን መለወጥ። ውጤቱ -1/2 ነው።

ምክንያቱንም በቀላል ቃል መናገር ይቻላል። በመጀመሪያው መስመር ላይ 1 ወደ ቀኝ የሄደ ሰው 2 ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ጉዞ በ90 ዲግሪ ወደ ግራ ብናዞረው፣ 2 ወደ ግራና 1 ወደ ላይ ይሆናል። ወደ ግራ መሄድ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ 1 ለ-2 ሲካፈል -1/2 ይገኛል። ስለዚህ ደንቡን «የሁለቱ ተዳፋቶች ብዜት -1 ነው» ብሎ መግለጽ ከሁለቱ አሻሚ ቃላት ያድናል። ደንቡ የማይሠራው አንደኛው መስመር አግድም፣ ሌላው ቁም ሲሆን ብቻ ነው፤ የአግድሙ ተዳፋት 0 ሲሆን ቁሙ ተዳፋት የለውምና።

የቀረው የዋይን ዘንግ የሚቆርጥበትን ነጥብ ማግኘት ነው። ዋይ = -1/2ኤክስ + ሀ ብለን በኤክስ ቦታ 4ን፣ በዋይ ቦታ 6ን ብንተካ 6 = -2 + ሀ ይሆናል፤ ሀ 8 ነው። የተፈለገውም እኩልነት ዋይ = -1/2ኤክስ + 8 ነው። ሁለቱ መስመሮች በነጥብ (2፣ 7) ይገናኛሉ። ከዚህ ነጥብ እስከ (4፣ 6) ያለው ርቀት በካሬው 5፣ እስከ (0፣ 3) ያለው 20፣ በ(4፣ 6) እና በ(0፣ 3) መካከል ያለው ደግሞ 25 ነው። 5 እና 20 ሲደመሩ 25 ስለሚሆኑ፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት መገናኛው በእርግጥ የ90 ዲግሪ ዘዌ ነው።

በአማርኛ የመማሪያ መጻሕፍት እንዲህ ያለው አገላለጽ «የእኩልነት ዓረፍተ ነገር» ይባላል። ስያሜው ለእኛ ለቋንቋ አጥኚዎች ጥሪ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ከሆነ አሻሚነቱ፣ የቃላት ምርጫውና አሰካኩ የእኛም ጉዳይ ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ብቻውን አይበቃም። ቃሉ በመምህሩ አፍ በየትኛው ግስና በየትኛው መስተዋድድ ታጅቦ እንደሚነገርም ሊጠና ይገባል። -2 የጻፈው ተማሪ የጎደለው ሒሳብ ላይሆን ይችላልና።