ቀን አስተማሪ፣ ማታ ተማሪ

ከአገሩ ወጥቶ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ጉልበቱን ወይም የእጅ ሙያውን ነው። በጃፓን ግን ከእናቱ አፍ ያለ ድካም የተማረውን ቋንቋ ብቻ ይዞ ሄዶ፣ በእርሱ ደመወዝ የሚበላ፣ ቤት የሚከራይና ትዳር የሚያስተዳድር ወጣት ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲውን ትናንት የጨረሱ፣ ገና የተጋቡ አሜሪካውያን፣ እንግሊዞችና አውስትራሊያውያን «አንድ ዓመት አስተምረን እንመለስ» እየተባባሉ ወደዚያው ይሻገራሉ። ለዛሬው እሑድ የእነዚህን ወጣት ባልና ሚስት የዕለት ኑሮ ልናወራ አስበናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛው መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የጃፓን መንግሥት በ1987 «ጄት» የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ከአራት አገሮች የመጡት ወጣቶች 848 ነበሩ። ዛሬ በዚሁ መንገድ የሚሠሩት ከ5000 በላይ ናቸው። ለረዳት አስተማሪነት የሚጠየቁትም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው እንጂ የመምህርነት ሙያ ወይም የጃፓንኛ ዕውቀት አይደለም። እንግሊዝኛ በ2011 ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ግዴታ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ለእነዚሁ ክፍሎች ማርክ የሚሰጥበት መደበኛ ትምህርት ሲሆን፣ መለማመጃው ወደ ሦስተኛና ወደ አራተኛ ክፍል ወረደ። ከመንግሥት ተማሪ ቤቶች ሌላ «ኤካይዋ» የሚባሉ የንግግር ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እነዚህ የንግድ ድርጅቶች ናቸው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ባልና ሚስት በአሳብ እንውሰድ። ባል በመንግሥት ተማሪ ቤት ረዳት አስተማሪ ነው፤ ሚስት በኤካይዋ ታስተምራለች። እርሱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በወንበሩ ላይ መገኘት አለበት፤ ወደ ማታው አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይለቀቃል። የእርሷ ደንበኞች የሚመጡት ከሥራና ከተማሪ ቤት ሲወጡ ስለ ሆነ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገብታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ትወጣለች። እርሱ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ እርሷ ስትመለስ እርሱ እንቅልፍ ይዞታል፣ ወይም ሩዙን በማብሰያው ውስጥ አሙቆ ዓይኑን እያሸ ይጠብቃታል። የእርሱ ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ፣ የእርሷ እሑድና ሰኞ ነው። ስለዚህ ባሕር አቋርጠው አብረው የመጡት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚተያዩ ይሆናሉ። በዚያችም ቀን ልብስ ይታጠባል፣ የመኝታው ፍራሽ በበረንዳ ላይ ፀሐይ ይመታል፣ ገበያ ይወጣል።

በተማሪ ቤቱ ደጃፍ ጫማ ይወልቃል፤ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይደረጋል። ተማሪው ሁሉ ረዳቱን «ሰንሰይ» ይለዋል፤ ይህ ቃል በእኛ «የኔታ» እንደምንለው ያለ ክብር አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ሌሊት የኔታ ሲሆን ደስ ሳይለው አይቀርም። ይሁንና ክፍሉ የሚመራው በጃፓናዊው መምህር ስለ ሆነ፣ ፈረንጁ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ቆሞ የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልጆቹም ይከተሉታል። ረዳቶቹ ራሳቸው «እኛ ሰው የሆንን ቴፕ ሪከርደር ነን» እያሉ ይቀልዳሉ። ምሳውን ከተማሪዎቹ ጋራ በክፍሉ ውስጥ ይበላል፤ ነጭ ሽርጥና ቆብ የለበሱ ተራ የደረሳቸው ልጆች ያድላሉ። ከምሳም በኋላ ተማሪው ሁሉ መጥረጊያና ጨርቅ ይዞ ክፍሉንና መተላለፊያውን ያጸዳል። ተማሪ ቤቱ ሲዘጋም ረዳቱ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሰዓቱን ይሞላል። ወጣት ሹሞቻችን ይህን አንብበው ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የጃፓን «ካና» እንደ እኛው ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋራ በአንድ ምልክት የሚጽፍ ነው። ነገር ግን እኛን የሚያድነን ሳድስ በእነርሱ ዘንድ የለም፤ ከ«ን» በስተቀር ድምፁ ሁሉ አናባቢ ይጎትታል። «ል»ና «ር»ም አንድ ናቸው። ስለዚህ «ሚልክ» የሚለው ቃል «ሚሩኩ»፣ «ማክዶናልድም» «ማኩዶናሩዶ» ይሆናል። «ስኩል» ማለት አቅቶን «እስኩል» የምንል እኛ በዚህ ልንስቅ አይገባንም። በአገራችንም ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ ወጣቶች ያስተማሯቸው አባቶችና እናቶች፣ በምላሳቸው ምክንያት ምን ያህል እንደ ተሣቀቁ ቢጠየቁ ብዙ ይተርካሉ።

ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀን የኔታ የተባለው ሰው ከፖስታ ሣጥኑ ያወጣው ወረቀት የመብራት ሒሳብ ይሁን የማስታወቂያ ወረቀት ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል። የሚቃጠለው ቆሻሻ በየትኛው ቀን፣ ጠርሙሱስ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚናገረውን ሰሌዳ በሥዕሉ ይገምታል። ከረጢቱን ያለ ቀኑ ካወጣ ጎረቤት ሳይወስዱት የቀረውን ያያል። ቤት ሲከራይ ዋስ መጥራት፣ በብዙ ስፍራም ለባለቤቱ «ሬይኪን» የሚባል፣ የማይመለስ የምስጋና ገንዘብ መክፈል ነበረበት፤ ይህም ከእኛ እጅ መንሻ ጋራ ሥጋ ዘመድ ነው። በብርዱ ወራት ቤቱ በሙሉ አይሞቅም። አንዱን ክፍል በነጭ ጋዝ ምድጃ እያሞቁ፣ ከሥሩ ማሞቂያ የተገጠመለትና ብርድ ልብስ የተደረበበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ውስጥ እግርን መዘርጋት ነው። ስሙ ኮታትሱ ይባላል። እሑድ ማታ ባልና ሚስቱ የሚወያዩት በዚሁ ዙሪያ ነው።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ዓይን ይበዛል። ናትሱሜ ሶሴኪ የተባለው ታላቅ ደራሲ በ1895 በማትሱያማ ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረ፤ በ1906 ባወጣው «ቦቻን» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪ ከኑድል ቤት ገብቶ አራት ሳሕን ይበላል፤ በማግሥቱ ነገሩ በክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። አስተማሪው ጃፓናዊ ሆኖ እንዲህ ከተደረገ፣ ከሩቅ የሚታወቁት የፈረንጅ ባልና ሚስት በቅርጫታቸው ስንት ጠርሙስ ቢራ እንደ ጨመሩ ተማሪው ቢያውቅ አያስደንቅም።

የእነዚህ ሁሉ አያት የሚሆነው ላፍካዲዮ ሐርን ነው። ከግሪካዊት እናትና ከአየርላንዳዊ አባት ተወልዶ በ1890 ማትሱኤ በተባለች ከተማ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ገባ። የከተማው ሰው ስሙን በካና ጽፎ «ሄሩን» አለው። ያንን ብርድ ሳይችለው ቀርቶ በታመመበት ወራት ኮይዙሚ ሴትሱ የምትባል፣ ከደኸየ የሳሙራይ ቤት የተወለደች ወጣት ወደ ቤቱ ገባች፤ በኋላም ሚስቱ ሆነች። እርሱ ጃፓንኛ፣ እርሷም እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። ሆኖም አገናኝ ቃላትን የጣለ፣ ግሡን የማይረባ አንድ የጃፓንኛ ዓይነት ለሁለታቸው ፈጠሩ፤ ሌላ ሰው «የሄሩን ቃል» ይለው ነበር። በ1904 የታተመው ስመ ጥሩ የተረት መጽሐፉ «ክዋይዳን» ከእርሷ አፍ ብዙ የቀዳ ነው። በ1896 የጃፓን ዜግነት ተቀብሎ የሚስቱን ቤተሰብ ስም ወሰደ፤ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። በ1903 ግን ዩኒቨርሲቲው አሰናበተው፤ ከተተኩትም አንዱ ከላይ የጠቀስነው ሶሴኪ ነበር። ሐርን በማግሥቱ ዓመት ሞተ።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ዛሬም የፈረንጁ አስተማሪ ወንበር ተንቀሳቃሽ ነው። በጥቅምት 2007 ኖቫ የተባለው ትልቁ የኤካይዋ ድርጅት ሲከስር ብዙ ሺህ የውጭ አገር አስተማሪዎች ያለ ደመወዝ ቀሩ። ከደመወዛቸው የተቆረጠው የቤት ኪራይ ለባለቤቱ ያልደረሰላቸውም ነበሩ፤ በምግብ ለውጥ ያስተማሩም ተገኙ። የጄት ረዳት የተሻለ ዋስትና አለው፤ በ2012 በወጣው ደንብ የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ 3,360,000 የን ሆኖ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ ነበር። ነገር ግን የእርሱም ውል በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ቢበዛም ከአምስት ዓመት አያልፍም። የማዕረግ ደረጃም የለውም፤ በአምስተኛው ዓመት የሚሠራው በመጀመሪያው ዓመት የሠራውን ነው።

በበኩሌ የዚህ ኑሮ ፈተና ብርዱም ቆሻሻውም አይመስለኝም። ፈተናው ብርዱ በጠናበት ወራት «ውልህን ታድሳለህን?» ብላ የምትመጣው ወረቀት ናት። በአገራቸው አብረዋቸው የተመረቁት ሹመት እየተቀበሉ ነው፤ የእነርሱ ዲግሪ ግን በመሳቢያ ውስጥ ያረጃል። ወረቀቷ የምትጠይቀው አንዱን ሰው ነው፤ የምትነካው ግን ሁለቱን። እርሱ ሕፃናቱን ወዶ አንድ ዓመት ልጨምር ሲል፣ እርሷ ሌሊት በባዶ ባቡር መመለሱ ሰልችቷት ይሆናል። ወይም እርሷ ከደንበኞቿ መካከል ከሥራ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከልባቸው የሚያወሩላት፣ ጃፓንኛዋም እየተፈታ የሄደ ስትሆን፣ እርሱ ዐረፍተ ነገር በመድገም ታክቶ ይገኛል። ሐርንና ሴትሱ በሁለት ቋንቋ መካከል ሦስተኛ ፈጠሩ፤ እነዚህ አንድ ቋንቋ ይዘው የሚነጋገሩበት ሰዓት ያጣሉ። አንዱ ሥራውን ለውጦ ሰዓታቸውን ያስማሙም፣ ልጅ ወልደው እዚያው የተተከሉም አሉ። በስምምነት አንድ ላይ «አይሆንም» ብለው የፈረሙም አሉ።

የሚሄዱት የጋዙን ምድጃ፣ የሩዙን ማብሰያና ሁለቱን ቢስክሌት ለሚተኳቸው አስተማሪዎች በርካሽ ይሸጣሉ ወይም በነጻ ይተዋሉ። የቆሻሻውን ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ተርጉመው በማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፋሉ። ከአገር በወጡ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከቱም ከጡረታ መዋጮአቸው ከፊሉ ይመለስላቸዋል፤ ቅጹን የሚሞሉት ምናልባት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ተቀምጠው ነው።