9 ኪሎ ከ17 ኪሎ ሲበልጥ፦ ስለ ጃቫስክሪፕት ማወዳደሪያዎች ተረትና እውነታ

ቴፒ ላይ፣ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ወጣት ለመመረቂያው የቡና መረከቢያ ድረ ገጽ ልሥራ ቢል አይገርምም። ከበበቃ እርሻ እስከ ሸኮ ጓሮዎች የአካባቢው ኑሮ ቡና ነው። የገጹ ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የመጣው ቡና አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ መሙላቱን ያያል፣ እርጥበቱን ይፈትሻል፣ የአርሶ አደሩን ስም ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። ሦስቱም ማወዳደር ናቸው፤ በሦስቱም ላይ ጀማሪዎች የሚያምኗቸው ተረቶች አሉ።

የመጀመሪያው ተረት «ቁጥር መሙያ ሳጥን ውስጥ የገባ ሁሉ ቁጥር ነው» የሚለው ነው። እውነታው ሌላ ነው። ሳጥኑ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ቢደረግም እንኳ፣ ጃቫስክሪፕት ይዘቱን በተለመደው መንገድ ሲያነብ የሚያገኘው ጽሑፍ፣ በሙያው ቋንቋ ስትሪንግ፣ ነው። ሁለት ስትሪንጎች ሲወዳደሩ ደግሞ መጠን አይታይም፤ ልክ እንደ መዝገበ ቃላት ከፊት ያለው ምልክት ይቀድማል። "9" > "17" ተብሎ ሲጠየቅ 9 ከ1 ጋር ይተያያል፣ መልሱም «እውነት» ይሆናል። ይባስ ብሎ "100" > "17" «ሐሰት» ነው፤ ሁለቱም በ1 ይጀምሩና ቀጥሎ 0 ከ7 ያንሳል። በዚህ ስሌት ዘጠኝ ኪሎ ያመጣ ሰው ፈረሱላ ሞልቶለት ያልፋል፣ መቶ ኪሎ ያመጣው ይመለሳል።

ስህተቱ ቶሎ የማይያዘው ከሁለቱ አንዱ እውነተኛ ቁጥር ከሆነ ሁሉ ነገር ደህና ስለሚመስል ነው። "9" > 17 ሲባል ቋንቋው ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለውጦ ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል። ችግሩ የሚወጣው ዝቅተኛው መጠንም ከሌላ ሳጥን እንዲነበብ የተደረገ ዕለት ነው። ስለዚህ ከቅጽ የመጣ ነገር ሁሉ ገና ሲገባ ወደ ቁጥር ይለወጥ።

«ሦስት እኩል (===) ከተጠቀምኩ ሥጋት የለብኝም» የሚሉም ብዙ ናቸው። == የሚለው ምልክት ዓይነታቸው የተለያየ ነገሮችን እየለወጠ ያመሳስላል፤ 0 == "" «እውነት» ስለሆነ ያልተሞላ ሳጥንና ዜሮ ኪሎ አንድ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የኤክማስክሪፕት፣ ማለትም የጃቫስክሪፕት፣ ደረጃ ውስጥ የተካተተው === ግን ምንም አይለውጥም። እሱን መምረጥ ተገቢ ነው። ሆኖም > እና < እንዲህ ያለ ጥብቅ አቻ የላቸውም። 0.1 + 0.2 === 0.3 ደግሞ «ሐሰት» ነው፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን አስርዮሾች በሁለትዮሽ የሚይዘው በግምት ነውና።

እርጥበት ላይ ያለው ተረት ከሒሳብ ክፍል የመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለውጭ ገበያ ቡና ያስቀመጠው ወሰን ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ተማሪው 8 <= እርጥበት <= 12.5 ብሎ ይጽፋል። የፓይተን ቋንቋ ይህን እንደ ሒሳቡ ይረዳዋል፤ ጃቫስክሪፕት ግን ከግራ ይጀምራል። እርጥበቱ 20 ከሆነ 8 <= 20 «እውነት» ይሆናል፣ «እውነት» ወደ 1 ይለወጣል፣ 1 ደግሞ ከ12.5 ያንሳል። ሊሻግት የተቃረበ ቡና አለፈ! ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጽፎ በ&& ማያያዝ ግድ ነው።

ስም ላይ ያለው ተረት የእኛው ነው፦ «ድምፁ አንድ ከሆነ ቃሉ አንድ ነው»። በዩኒኮድ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ቁጥር አላቸው። "ኃይሉ" === "ሃይሉ" «ሐሰት» ነው፤ በ< ሲደረደሩም «ሃይሉ» ከ«ተስፋዬ» በፊት፣ «ኃይሉ» ከ«ተስፋዬ» በኋላ ይገባል። አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ሆሄ ሲመዘግቡት አንድ አርሶ አደር ሁለት ሰው ይሆናል። ፊደላቱን ወደ አንድ ወጥ መልክ የሚያመጣ አጭር ፈንክሽን ከማወዳደሩ በፊት መጻፍ የሠሪው ኃላፊነት ነው፤ መምህራንም ፕሮጀክት ሲገመግሙ ይህን ፈንክሽን ቢጠይቁ መልካም ነው።