ቅይጥ ትምህርትና የልጆቻችን የመማር ትጋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፎ ይገኛል። ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ያውቅ ነበር፤ የመማር ፍላጎቱም ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ ምሥጢሩ አልተገለጠለትም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ራሱ መሰከረ። ቅዱስ ፊልጶስም በሠረገላው አብሮት ተቀመጠ፤ ከሚያነብበው ስፍራ ጀምሮ አስተማረው፤ ትምህርቱም በጥምቀት ተፈጸመ።

ይህ ታሪክ ዛሬ ብዙ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ለሚያነሡት ጥያቄ መልካም መግቢያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጉባኤያትን ባስታጎለ ጊዜ ብዙ ትምህርቶች ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከቤተ ክርስቲያን ርቀው በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ በተለይም በውጭ ሀገር፣ ልማዱ ቀጥሏል። እንግዲህ ጥያቄው «በአካል ወይስ በስልክ?» የሚል ብቻ አይደለም። ሁለቱ ቢጣመሩ የልጆቻችንን የመማር ትጋት ያነቃቃሉ ወይስ ያቀዘቅዛሉ? ልንመረምረው የሚገባን ይህንን ነው።

ሀ. ቅይጥ ትምህርት ምንድን ነው?

ቅይጥ ትምህርት የምንለው መምህርና ተማሪ በአካል የሚገናኙበትን ጉባኤ ተማሪው በራሱ ጊዜ በመሣሪያ ከሚከታተለው ትምህርት ጋር በአንድ ዕቅድ የሚያስተሳስር የማስተማር ዘዴ ነው። በአንድ ዕቅድ መባሉን ልብ ይሏል። እሑድ በአካል አንድ ነገር አስተምሮ በሳምንቱ መካከል የማይገናኝ ሌላ ቪዲዮ መላክ ቅይጥ ትምህርት አይባልም። አንዱ የሌላውን ሥራ የሚቀበልና የሚያስቀጥል ሊሆን ይገባል።

መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ አሳቡ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ሐዋርያት በአካል ያስተምሩ ነበር፤ በራቁ ጊዜ ደግሞ መልእክታትን ይልኩ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ የሚጽፈው ብዙ ነገር ሳለው በወረቀትና በቀለም ብቻ ሊጨርሰው አልወደደም፤ ፊት ለፊት መነጋገርን ተስፋ አደረገ (2ኛ ዮሐ. 1፥12)። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን ፊታቸውን ለማየትና ለእምነታቸው የጎደለውን ለመሙላት አጥብቆ እንደሚጸልይ ጽፎላቸዋል (1ኛ ተሰ. 3፥10)። መልእክቱ የአካልን መገናኘት አልተካም፤ አዘጋጀው እንጂ።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ብቻን መሥራትና ከመምህር ፊት መቅረብ ተጣምረው ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን ከመምህሩ ይሰማል፤ ከዚያ ገለል ወዳለ ስፍራ ሄዶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። የዜማ ተማሪም በቀን መጽሐፉን ተመልክቶ የተማረውን በሌሊት በቃሉ ይቀጽላል። ስለዚህ ከአባቶቻችን የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ተማሪው ብቻውን የሠራው ሥራ ሁሉ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይታረማል።

ለ. ልጆች የሚማሩበት መንገድ ይለያያልን?

ብዙ ጊዜ ወላጆች «የእኔ ልጅ በማየት ነው የሚማረው»፣ «የእኔ ደግሞ በመስማት ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አሳብ በትምህርት ሊቃውንት ዘንድም ታዋቂ ነው። ኒውዚላንዳዊው መምህር ኒል ፍሌሚንግ ተማሪዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ እንዲሁም በተግባር መማርን የሚመርጡ ብሎ ለአራት ከፍሏቸዋል። ልጆች የሚወድዱት መንገድ መለያየቱ አይካድም። ነገር ግን ልጁ በሚወደው መንገድ ብቻ ቢማር የበለጠ ያውቃል የሚለው ጉዳይ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በዚህ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች መርምረው ለአሳቡ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ገልጸዋል።

ስለዚህ ልጅን ገና በሰባት ዓመቱ «ይህ የማየት ተማሪ ነው» ብሎ ስም መለጠፍ አይገባም። የመማሪያውን መንገድ በይበልጥ የሚወስነው ትምህርቱ ራሱ ነውና። ፊደል ዐይንንና እጅን ይፈልጋል። ዜማ ጆሮንና ጉሮሮን ይፈልጋል። አቋቋም ደግሞ መቋሚያ ይዞ መቆምን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከእግር አካሄድ ጋር ማስማማትን ይጠይቃል፤ «የመስማት ተማሪ» የተባለም ቢሆን ተቀምጦ በመስማት ብቻ ማኅሌት ሊቆም አይችልም።

የልጆች እውነተኛ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሌላ ነገር ነው፤ በቀድሞ ዕውቀታቸው፣ በፍጥነታቸው፣ በቋንቋቸው፣ በዐይን አፋርነታቸው። በቤቱ አማርኛ የማይነገርበት ልጅና ግእዝ ማንበብ የጀመረ ልጅ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ያፍራል። የቅይጥ ትምህርት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ቀረጻን ዐሥር ጊዜ መልሶ መስማት ይቻላል፤ ማንም አይታዘብም። ፈጥኖ የገባው ደግሞ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በቀደመው የንባብ ቤት ሥርዓትም ሕፃናት ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ገጽ አያነቡም ነበር፤ አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ውርድ ንባብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ላይ ይገኝ ነበር።

ሐ. ትጋት ከየት ይመጣል?

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰው ከልቡ እንዲተጋ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት አስተምረዋል። እነርሱም የራስ ፈቃድ፣ መቻልን ማወቅና ከሌሎች ጋር መቆራኘት ናቸው። ቅይጥ ትምህርት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀላሉ ይረዳል፤ ልጁ ሰዓቱን ይመርጣል፤ ትንንሽ ክፍሎችን ሲጨርስም መሻሻሉን ያያል። ሦስተኛውን ግን መሣሪያ ብቻውን አይሰጥም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን እናስታውስ። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩን የአባ ጌዴዎንን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ፣ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅና በመጨረሻ ስትወጣ አየ። ትሏ ተስፋን ሰጠችው። ነገር ግን ታሪኩ በዛፉ ሥር አላበቃም፤ ያሬድ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ብቻውን ሆኖ ያገኘው ትጋት ፍሬ ያፈራው በመምህሩ እግር ሥር ነው።

በዚህ ረገድ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። በማስተምርበት የሕፃናት ክፍል ውዳሴ ማርያምን በዜማ ሳስተምር የሳምንቱን ክፍሎች ሁሉ ቀድቼ በአንድ ጊዜ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ልጆቹን የረዳሁ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ቀረጻውን የሚከፍቱት አነሱ፤ ቅዳሜ የሚመጡትም እየቀነሱ ሄዱ። ምክንያቱን አንዲት ተማሪዬን ጠየቅኋት። «መምህር፣ የእርስዎን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የእኔን ግን ማንም አልሰማኝም» አለችኝ። የጎደለው ቀረጻ አልነበረም፤ የሚሰማ መምህር ነበር። ከዚያ በኋላ የአንድ ቀኑን ክፍል ብቻ፣ ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ እልክ ጀመር፤ ልጆቹም ድምፃቸውን ቀድተው ይመልሱልኛል፤ የቅዳሜው ጉባኤ እነርሱ ከላኩት ይጀምራል። ትምህርቱ ያው ነው፤ ልጆቹ ግን ተመለሱ።

መ. ምን በቤት፣ ምን በቤተ ክርስቲያን?

የዩናይትድ ስቴትስ የትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጥናቶች ማጠቃለያ በቅይጥ ዘዴ የተማሩት በአካል ብቻ ከተማሩት በመጠኑ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ያመለክታል። ሆኖም ቅይጥ ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና መሣሪያ እንደነበራቸው አብሮ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ጥቅሙን ለማያ ገጹ ብቻ መስጠት አይቻልም፤ የሥራ ክፍፍሉ ወሳኝ ነው።

በቤት ሊሠሩ የሚችሉት ደግሞ ደጋግሞ መስማት፣ የፊደልና የንባብ ልምምድ፣ የቃላት ጥናት፣ የቅዱሳንን ታሪክ ማንበብ ናቸው። ለእነዚህ ረጅም ቪዲዮ አያስፈልግም፤ አጭር ድምፅ የኢንተርኔት ወጪንም ይቀንሳል፣ የልጁንም ዐይን ከማያ ገጽ ያሳርፋል።

ለጉባኤ የሚቀሩት ጥያቄና መልስ፣ እርማት፣ የኅብረት ዝማሬና አቋቋም ናቸው። በዙም አብሮ መዘመርን የሞከረ ሁሉ የአንዱ ድምፅ ከሌላው እየዘገየ ዜማው እንደሚበታተን ያውቃል። ከሁሉ በላይ ጸሎተ ቅዳሴን ማስቀደስ፣ ቅዱስ ቁርባንን መቀበል፣ መስቀል መሳለም፣ ንስሓ መግባት በምንም መሣሪያ አይተኩም። የትምህርታችን ፍጻሜ እነዚህ ናቸውና፤ ጃንደረባውንም መጽሐፉና ትርጓሜው ያደረሱት ወደ ውኃው ነው።

ለወላጆችም ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ልጁ ሲያጠና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ለብቻው ክፍል ውስጥ ስልክ ሰጥቶ መዝጋት ትምህርት አይሆንም። ሁለተኛ፣ በሽልማት ብቻ አታትጉት፤ ስጦታው ሲቀር ትጋቱም እንዳይቀር ያጠናውን በቤት ጸሎት ላይ እንዲያሰማ አድርጉ። ሦስተኛ፣ መንገዱ ቢርቅም፣ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር በአካል አገናኙት፤ የሚችል ግን በየሳምንቱ ያምጣው።

ለመምህራን ደግሞ የቅዱስ ፊልጶስ አካሄድ ይበቃናል። ወደ ሠረገላው ቀረበ፤ የሚያነበውን አዳመጠ፤ ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ አስተማረ። ልጆቻችን ዛሬ በእጃቸው ብዙ መጽሐፍ፣ ብዙ ድምፅ፣ ብዙ ሥዕል ይዘው በመንገድ ላይ ናቸው። ቀርቦ የሚያዳምጣቸውን ይጠብቃሉ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።