ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች የመንፈስ ሕክምና በሸዋ ቤንች አካባቢ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከአካሉ ሕክምና ጋራ የመንፈስ ሕክምና የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው።

ኅብለ ሰረሰር ማለት ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። ይህ ገመድ ሲበጠስ ወይም ሲጨፈለቅ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል አይታዘዝም፥ አይሰማውም፤ ሽንትና ሰገራም ከፈቃድ ውጭ ይሆናሉ። በሸዋ ቤንች፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ያለው አገር ዳገትና ደን የበዛበት፥ ዝናቡም ብዙ ነው። ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ የሚወጣ ገበሬ፥ በሚያዳልጥ መንገድ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰውም ለዚህ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ቡና ለቅሞና እንሰት ተክሎ ቤቱን ያስተዳድር የነበረ ሰው በአንድ ቀን የሌላ እጅ ጠባቂ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ ይህ ጉዳት ካለባቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ሐኪሞች ድባቴ የሚሉትን ሕመም ጉልህ ምልክት ያሳያሉ። ቤተ ሰቡ ግን «እንዲህ ሆኖ እንዴት አያዝን!» ብሎ ስለሚያልፈው ሳይታከም ይቀራል። ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ይኸውም የተኛ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቈስላል፥ ፊኛውም በየጊዜው ካልተራገፈ ኩላሊቱ ይጎዳል። ተስፋ የቈረጠ ሰው ደግሞ ይህን ጥንቃቄ ይተዋል።

ሕመሙን ለመለየት የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ እነዚህ ከአካል ጉዳቱም ሊመጡ ይችላሉና። ይልቁንም የሚወደው ነገር ደስ ይለው እንደ ሆነ፥ ሞትን ይመኝ እንደ ሆነ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። በመድኃኒትም በኩል አሚትሪፕቲሊን ሽንት ሊያግድና ሆድ ሊያደርቅ ስለሚችል ለእንዲህ ያለው በሽተኛ በጥንቃቄ የሚታዘዝ ነው።

ሁለቱ ሕክምናዎች አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚሆን ለማሳየት የአበበ ቢቂላን ታሪክ እንጠቅሳለን። በ1953 ዓ.ም. ዋዜማ በሮማ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ጀግና በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። የታከመው በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲሆን፥ እዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርገው ነበር። አበበም በ1962 ዓ.ም. በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። እግሩ አልዳነም፤ ነገር ግን እስከ ዕረፍቱ፥ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ፥ በሰው መካከል ኖረ።

ለሸዋ ቤንች ገበሬ እንግሊዝ ቀርቶ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ያለ የሠለጠነ ነርስ ቍስሉን በሚያይበት ቀን መንፈሱንም ቢጠይቅ፥ ዕድርተኛውና ጎረቤቱም በሽተኛውን ከቡናው ዙሪያና ከሸንጎው ባያስቀሩት፥ በእጁ ሊሠራ የሚችለውንም ሥራ ቢሰጡት፥ ብዙ ሕይወት ይተርፋል ብለን እናምናለን።